ጨው ያነሰው ደም

አለቃዬ ሥራ ላይ ሰክሯል ብሎ ከሰሰኝ። የጠጣሁት ውሃ ነበር። እዚህ አገር ሥራ ላይ ሰክሮ የተገኘ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ተሰርዞ ወደ አገሩ ይሸኛል፤ መጥፎ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ይህን የምጽፈው በዶሃ ሙቀት ለምትሠሩ ነው። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ ነው። አጻጻፌ ካላማራችሁ ነገሩን ያዙ።

በጥበቃ ድርጅት ተቀጥሬ፣ መዲናት ኸሊፋ በሚባል ሰፈር የአንድ ቪላ ግቢ ዘበኛ ነኝ። የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ሙቀቱ ስለማይቻል ግን ውሃውን ለራሴ ፈቅጃለሁ። ላቤ ሸሚዜ ላይ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይሠራል። ያንን አራግፌ ውሃ እጨምራለሁ። ራሴን ባመመኝ ቁጥር ጠምቶኝ ነው እያልኩ ደግሞ እጨምራለሁ።

ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ሰፈር ወዳለው ክፍላችን ስገባ አስመለሰኝ። አብሮኝ የሚኖረው ሾፌሩ አስማረ ከአገር ቤት የመጣ ጸበል ነበረው። ከታሸገ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በጆግ አቀረበልኝ።

«ይሄ የሰው ዓይን ነው። ጠጣ።»

«ሞላሁ እኮ አስማረ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጠግበህ ካላስመለስከው አይለቅህም። ያላ፣ ጨርሰው።»

ጨረስኩት። ያደረገው በፍቅር ነው።

በማግስቱ በር ላይ እግሬ ከዳኝ። ምላሴ ተሳሰረ። የቪላው ባለቤት ማዳም መኪናዋ ውስጥ ሆና ጥሩምባ ትነፋለች። እኔ በሩን አልከፍትም። እስቃለሁ። አለቃዬ መጣ። «ሰክረሃል» አለኝ። ወደቅሁ። ተንፈራገጠ ያሉኝ ሌሎች ናቸው፤ እኔ አላስታውስም። አምቡላንስ የጠራልኝ የጎረቤት አትክልተኛ ነው። አለቃዬ ስልክ የደወለው ቢሮ ነበር፣ ሊከሰኝ።

ሆስፒታል ስነቃ አንዲት ሱዳናዊት ሐኪም አጠገቤ ቆማለች። ዓረብኛዋ ቀስ ያለ ስለሆነ ገባኝ።

«ደምህ ውስጥ አልኮል የለም። ሶዲየምህ ግን በጣም ወርዷል።»

ሶዲየም ከጨው የምናገኘው ነው። ሕመሙ ሃይፖናትሬሚያ ይባላል። የአንጎል ሴል የተሸፈነበት ስስ ነገር ውሃን እንደ ልብ ያሳልፋል፣ ጨውን ግን ይይዛል። ደም በውሃ ብዛት ሲቀጥን ውሃው ጨው ወደበዛበት፣ ወደ ሴሉ ይገባል። ይህን ኦስሞሲስ ይሉታል። እኔ በባቄላ ነው የገባኝ፤ ሲዘፈዘፍ ቅርፊቱን ወጥሮ ያብጣል። ባቄላ ግን ማበጫ ቦታ አለው። አንጎል የታሰረው በአጥንት ነው።

ወፈር ያለ የጨው ፈሳሽ በደም ሥሬ ሰጡኝ። ውሃ ከለከሉኝ። ለመንኩ።

«ዶክቶራ፣ ፈጠን አድርጊልኝ።»

«ቶሎ ከጨመርንልህ ውሃው ከሴሎቹ ባንዴ ይወጣና አንጎልህን ይጎዳዋል። ሰብር፣ ታገስ።»

ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ እያበሱልኝ እያደር የተኛሁበትን ቦታ አወቅሁ፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያም ያለ ደጋፊ እስከ መስኮቱ ሄጄ የቆምኩበትና እግሬ የኔ መሆኑን ያመንኩበት ጠዋት መጣ። አስማረ ሊጠይቀኝ ሲገባ አቀርቅሮ ነበር። በኋላ ቀና ብሎ፣ «ዶሃ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ የሰከረ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ስስቅ ራሴን አላመመኝም። እንደዳንኩ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሐኪሟ እውነቱን ለድርጅቱ ነገረችልኝ። አለቃዬ ግን ክሱን ሰርዝልኝ ብዬ በሄድኩ ቁጥር «ኢንሻአላህ» እያለ አመላለሰኝ። እኔም መመላለሴን አልተውኩም።

ለሐኪሟ፣ ለአትክልተኛውና ለአስማረ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ላብ ሲያጠምቃችሁ ውሃ ብቻ አትጋቱ፣ ጨው ያለው ምግብ ብሉበት። ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ጸበል ጠጡ፣ በጆግ ግን አይሁን። ብዙ ውሃ ጠጥቶ የሚንገዳገድና የሚቀባጥር ሰው ካያችሁ ውሃ አትጨምሩለት፣ ሰካራምም አትበሉት፤ አምቡላንስ ጥሩ።

አለቃዬ በመጨረሻ ዘበኞች ሁሉ በቆሙበት፣ «አልሰከረም፣ ታሞ ነበር» ብሎ ከአፉ አወጣት። ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ክሱ የተሰረዘልኝ ኅዳር ፲፪፣ በሚካኤል ዕለት ነው።