ገልባጩን የሠራው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ቃሊቲ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰልፍ ይዣለሁ። እጄ ላይ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ዓመት የደከምኩባት መኪና አለች... ዞር ዞር ብዬ ሳይ ከእኔ በቀር የተሰለፈው ሰው ሁሉ ልጅ ይዟል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እርስ በርሳቸው የሚገጣጠሙ የልጆች የፕላስቲክ ጡቦች አሉ አይደል? ትርፍ ሰዓቴን የማሳልፈው በነሱ ነው። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ሙዘይን ከውጭ በመጣ መጫወቻ መሀል ሲያገኙ በፌስታል አድርገው ያስቀምጡልኛል። «ና፣ ጉድህ መጥቷል» ይሉኛል።

የምሠራው ቤትና ግንብ አይደለም። ቅርጹን የሚቀይር ነገር ነው። ይቺኛዋ ቀይ ገልባጭ ናት፤ እኛ ሰፈር ቀኑን ሙሉ አቧራ እያስነሱ የሚያልፉትን ትመስላለች። ጋቢናዋን ወደ ታች ስታጥፉት ደረት ይሆናል፣ የኋላው ሳጥን ለሁለት ተከፍሎ እግር ይሆናል... ሰው ሆና ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንድም ጡብ ሳይነቀል! ከማንም አልቀዳሁትም። ወገቧ እየከዳኝ አሥራ አንድ ጊዜ አፍርሼ ሠርቻታለሁ።

ማስታወቂያውን ያየሁት የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ነው። «የፈጠራ ሥራ ውድድር» ይላል። የታችኛው ግማሽ ዝናብ መትቶት ተልጧል። ሥራዬን በወጉ ለሰው አሳይቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ተራዬ ደረሰ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው መምህርት ካርቶኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

«ልጁስ?»

«የቱ ልጅ?»

«ተወዳዳሪው ነዋ! ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ነው እኮ።»

ከኋላዬ አንድ አባት ሳቅ አመለጠው። ካርቶኔን አንስቼ መሄድ ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝ...

«አሞት ቤት ቀርቶ ነው» አልኩ።

«ውይ፣ ምስኪን! ማን ይባላል?»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም... እኔና ባለቤቴ ሰናይት ልጅ የለንም። አንድ ነበረን። ወሩን ጨርሶ፣ ሳያለቅስ ተወለደ። ስም ያወጣችለት እሷ ነበረች፣ ገና በሆዷ እያለ። ከቀበርነው ወዲህ ያንን ስም ሁለታችንም ጠርተነው አናውቅም። ሌላም አልመጣም። ሐኪሞቹም እንደማይመጣ ነግረውናል።

«ናሆም» አልኳት።

«ዕድሜ?»

«ዘጠኝ።»

ጻፈችው።

ከዚያ መኪናዋን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። አጠፍኩ፣ ከፈትኩ፣ አዞርኩ... ሰው ሆና ስትቆም መምህርቷ «እንዴ!» ብላ ሌሎቹን መምህራን ጠራቻቸው። ከበቡኝ።

«አንዱ እግሩ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

«ቀይ አልቆበት።»

«ማን አሳይቶት ነው?»

«ማንም። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወልቅ ነው እሱ ላይ የሚቀመጠው። እናቱ ትጮህበታለች፣ አይሰማም።»

ማንም ሳይጠይቀኝ ሾርባ እንደማይወድ ጨመርኩ። በግራ እጁ እንደሚጽፍም ነገርኳቸው። እውነቱን ልናገር... ደስ እያለኝ ነበር የማወራው።

የሁሉም ሥራ ታይቶ ሲያልቅ ናሆም አንደኛ ወጣ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ስልኬን መዘገቡ። «ሰኞ ለሰልፍ ይዘውት ይምጡ፤ ዳይሬክተሩ በተማሪው ፊት ሊሸልሙት ይፈልጋሉ» አለችኝ መምህርቷ።

ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቱን ልቅደደው አልኩ። እያየሁት ቆየሁ። የልደት ካርድ የለው፣ የክትባት ካርድ የለው... ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይኼ ብቻ ነው። አልቻልኩም።

ቤት ስደርስ ሰናይት ከጠዋት ፈረቃ ገብታ ጫማዋን ታወልቃለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይ ታለቅሳለች ብዬ።

«ዘጠኝ አልካቸው?»

«አዎ።»

«ስምንት ነው። ዘጠኝ የሚሞላው ግንቦት ላይ ነው።»

ወረቀቱን የጋብቻ ሰርተፍኬታችን ያለበት ፋይል ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ባልዲ አንስታ ወደ ቧንቧው ወጣች። ቧንቧው ግን ከደረቀ አራተኛ ቀኑ ነበር። እስኪመሽ አልተመለሰችም። እኔም ተከትያት አልወጣሁም።

ትናንት ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። አየሁት፣ ተውኩት። ደግሞ ጠራ። ሁለታችንም ለሥራ ለባብሰን ጠረጴዛው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ስልክ እናያለን። በሦስተኛው ሰናይት አነሳችው።

«አቤት... አዎ፣ እናቱ ነኝ።»

የመምህርቷ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «ተሻለው ወይ? ልጆቹ ተሰልፈው እየጠበቁት ነው እኮ!»

ሰናይት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ከኋላ የልጆች ጫጫታ ይሰማል... ብዙ ልጆች። እሷም የምትሰማው እሱን ነበር መሰለኝ፣ ለመመለስ አልቸኮለችም።

«አይ... አይመጣም» አለች።

ስልኩን ዘግታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ ሰርቪሷን ለመያዝ ወጣች።

በትዳር ስንኖር «እናቱ ነኝ» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ትናንት ነው... የመጨረሻውም ነው።