የአስቴር ቢጫ ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት ለቡ አዲስ ቤት የገባችው ልጄ ቁምሳጥኗን ስትከፍት የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ በቆምኩበት ሐሳቤ ጎፋ፣ ታላቅ እህቴ አስቴር ክፍል ውስጥ ገባ።

አስቴር የሳይንስ አስተማሪ ነበረች። በደርግ ዘመን፣ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ሳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች የሳይንስ ፕሮግራም በቀጥታ ታቀርብ ነበር። ባሏ ለሥራ ጅማ ስለተመደበ አብሬያት የምኖረው እኔ ነበርኩ። አገሩ ሁሉ ልብስ የሞላት ቄንጠኛ ትመስለው ነበር እንጂ ቁምሳጥኗ ውስጥ የተሰቀለው ሁለት ሙሉ ልብስና አንድ ሹራብ ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ጫልቱ ግን ኮሌታ እየፈቱ ሌላ እየተከሉ፣ እጅጌ እያሳጠሩ፣ አዝራር እየቀያየሩ ሁልጊዜ አዲስ ያስመስሉላት ነበር። ካሜራው ከወገቧ በላይ ብቻ ስለሚያሳያት፣ ከጠረጴዛው ሥር የጎፋ ጭቃ የጠገበ ሸራ ጫማ አድርጋ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ኮራ ብላ ታስረዳለች። ሕዝቡ ግራጫ አድርጎ የሚያየው ሹራብ ደማቅ ቀይ መሆኑን የምናውቅ እኛ የሰፈሯ ልጆች፣ ትምህርት ቤት በዚህ ብቻ እንከበር ነበር።

ከዚያ አስቴር አረገዘች። እትዬ ጫልቱ ስፌቱን በየሳምንቱ እየለቀቁ፣ እሷም ወደ ጠረጴዛው እየተጠጋች፣ ነገሩን ለጥቂት ወራት ደበቁት። አንድ ማክሰኞ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊ ጠርቶ፣ «ጓድ አስቴር፣ ይኼ ለሕፃናት የሚታይ ነገር አይደለም፤ የፊታችን ቅዳሜ ተሰናበቺና ሌላ ሰው ይተካሻል» ብሏታል። ከወሊድ በኋላ ትመለሻለሽ ያላት አልነበረም።

እትዬ ጫልቱ ሰምተው፣ «ወይ ጉድ! እሱን ማን ወለደው?» አሉና ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «በይ ንገሪኝ፣ ልደብቅልሽ ወይስ ላሳይልሽ?»

አስቴር ብድግ ብላ፣ «ያሳዩልኝ፣ እትዬ» አለቻቸው።

ለዓመት በዓል ያስቀመጡትን ቢጫ ጨርቅ አውጥተው፣ ደረቱ ላይ ተሰብስቦ ሆዷ ላይ የሚዘረጋ ቀሚስ ሰፉላት።

ቅዳሜ ሰፈሩ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን የሚያይበት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ልብ ነበር። አስቴር እንደ ወትሮዋ ከጠረጴዛው ኋላ ሆና ጀመረችና፣ ድንገት ዞራ ወደ ፊት ወጣች፤ ካሜራውም ምን ያድርግ፣ ተከተላት። ሙሉዋን ያየናት ያን ቀን ነው። «ልጆች፣ ሁለት ልብ ያላት ሰው ሲባል የምትወላውል ማለት ነው፤ እኔ ግን ሁለት ልብ ይዤ መጥቼ ዛሬ ምንም አልወላወልኩም» አለች። አብራት የመጣችው አዋላጅ የእንጨት ማዳመጫዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ አስቴር በአንድ እጇ የራሷን ትርታ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለች ስትመታ፣ አዋላጇ ደግሞ የሕፃኑን በጣቷ ቶሎ ቶሎ መታችው፣ እንደሚሮጥ ፈረስ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ልጅ አግዳሚውን መታ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ወዲያው ጎልማሳ ሽማግሌው ሁሉ በሕፃኑ ልብ ምት ያጨበጭብ ጀመር፤ እትዬ ጫልቱም እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ስፌቱ አልተሸበሸበም፣ አያችሁ?» ይሉ ነበር።

እስከ ሰኞ የጣቢያው ስልክ ፋታ አላገኘም። እናቶች ደወሉ፣ አስተማሪዎች ደወሉ፤ ሕፃኑ ምን እንደሚበላ ይነገረን ያሉ ልጆችም ነበሩ። ኃላፊው አስቴርን አስጠርቶ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ «ቀጥይ» አላት፤ በቃ። እሷም ምጥ እስከመጣባት ሳምንት ድረስ ቀጠለች፤ ጤነኛ ሴት ልጅ ወልዳም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዓመት በኋላ አንዲት ዜና አንባቢ ስታረግዝ ወደ ኋላ ሁኚ ያላት ማንም አልነበረም።

ፕሮግራሙ በቀጥታ ተላለፈ እንጂ አልተቀረጸም፤ የዚያ ቀን አንዲት ደቂቃ ምስል እንኳ የትም የለችም። እህቴ ካረፈች ቆይቷል፣ እትዬ ጫልቱም እንዲሁ፤ አዳራሹ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ያን ቅዳሜ አብረውኝ ካጨበጨቡት ዛሬ ያሉትን ስቆጥር ጣቶቼ ይተርፋሉ።