አባቴ ቆሞ ያስለካው ኮት

ሱፍ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲተኮስ የሚያወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ? ትንሽ የበግ፣ ትንሽም የዝናብ ነገር አለው። ትናንት ላውንድሪ ቤት ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው ደረሰኜን ሲጠይቀኝ እኔ በሐሳብ የሐበሻ ሱቆች የተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ እትዬ ስፌት ቤት ውስጥ ነበርኩ።

ነገሩ የኮት ነገር ነው። እንዳትስቅብኝ እንጂ፣ ከጉርድ ጋር የሚለበስ ኮት።

የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባግፓይፕ የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሎንግ ቢች ከተማ እየነዱ ነው የሚመጡት። ባግፓይፕ ማለት በብብትህ ይዘህ የምትነፋው፣ ቧንቧ የተሰካበት አቅማዳ በለው። ድምፁ ሰፈር ያስነሳል። የገባሁበት ሌሎቹ የሙዚቃ ክፍሎች ስለሞሉ ነው፤ ገብቼ ግን ወደድኩት። አስተማሪው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ ቅዳሜ በሚደረገው ስንብታቸው መክፈቻውን ብቻዬን እንድጫወት መረጡኝ። ኪልቱን፣ ያንን የተሸነሸነ የስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ፣ ትምህርት ቤቱ ያውሰናል። ኮቱ ግን ከየቤታችን ነው። እንደተገኘ አይለበስም ደግሞ። ከኋላ ሽንሽኑን እንዳይሸፍን አጭር መሆን አለበት፤ ከፊት የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቦርሳ እንዳይከድን ደግሞ ጫፉ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል።

አባቴ የኪልቱን ፎቶ ባሳየሁት ጊዜ ፎቶውን መለሰልኝ።

"ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር እኮ" ብቻ አለ።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። በስልክ የሚጠራው መኪና መጥቶ ሥራውን ሲያቀዘቅዝበት ዳውንታውን ፓርኪንግ ሥራ ገባ። ቅዳሜ ሺፍት እንዳለው ነገረኝ፤ ሺፍት ባይኖረውም እንደማይመጣ ጨመረበት። እኔ ደግሞ እንዲሰማኝ የምፈልገው እሱን ነበር። ሌላው ሁሉ ቢያጨበጭብ እሱ ከሌለ ለእኔ ባዶ ሜዳ ነው።

ኮት ፍለጋ ሳልባጅ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ገባሁ። አንዱ እንደ ዘይት ያብለጨልጫል፣ የሌላው ትከሻ ሁለት ሰው ያስገባል። በመጨረሻ አንድ ቡናማ ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ኮሌታውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና መለሰልኝ። ማን ሞቶ እንደተወው የማይታወቅ ኮት ልጄ አይለብስም አለ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የራሱን አወጣ፤ ለሠርጉ መርካቶ ያሰፋውን፣ ለዓመት በዓል ብቻ ለቤተክርስቲያን የሚለብሰውን ግራጫ ሱፍ።

"ይሄን አስቆርጠው" አለኝ። "እኔ ግን አልመጣም።"

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። ከቤት ስንወጣ በር ላይ ያስቆመኝና የኮቴን የኋላ ጫፍ ቁልቁል ሳብ ያደርግልኛል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ በቁመት ከደረስኩበት በኋላም አልተወውም። ለራሱ ኮት ግን እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም።

እትዬ የሀገር ልብስ የሚሰፉ፣ ሱሪ የሚያሳጥሩ ትልቅ ሴት ናቸው። አባቴ ራሱ ነድቶ ወሰደኝ። ነገሩን ስናስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

"ምን ያስከፋሃል? ቄሶቻችንስ ቀሚስ አይደል የሚለብሱት?" አሉት።

"እነሱ ሊቀድሱ ነው፣ እትዬ። ይሄ ምን ሊቀድስ ነው?"

ኪልቱን እዚያ እንዳልለብሰው ከለከለኝ። እሑድ ቤተክርስቲያን የምናገኘው ሰው ሁሉ በዚያ ሱቅ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ እትዬ የለኩኝ በጂንሴ ላይ ነው፤ በጠመኔ ያሰመሩትም ቀበቶዬን አይተው ነው። ኪሶቹን ወደ ላይ አወጧቸው፣ ጫፉን ቆረጡ፣ ገበሩን መልሰው ሰፉ። ቤት ወስጄ በኪልቱ ላይ ስለብሰው ጉድ ሆንኩ። ጂንስ ዳሌ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ኪልት የሚታጠቀው ግን እምብርት ላይ ነው። ኮቱ ቦርሳውንም ሽንሽኑንም ውጦ፣ ካፖርት የደረበች የተማሪ ቤት ልጅ መሰልኩ።

ኮቱን በአባቴ እጅ ለእትዬ መልሼ ስደውልላቸው ተቆጡ። የተቆረጠ ሱፍ አይመለስም፣ ኪልቱን የታጠቀ ሰው ፊቴ ካልቆመ ሁለተኛ መቀስ አላነሳም አሉ። ዝግጅቱ በማግስቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ኪልቱን ቤት ትቼ ሎንግ ቢች የመጨረሻው ልምምድ ላይ ነበርኩ። እንግዲህ ባለው እወጣለሁ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከልምምዱ ስንመለስ አስተማሪው ፌርፋክስ ላይ አወረዱኝ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የሱቆቹን መስታወት ሁሉ አብርታዋለች። ቢያንስ ኮቱን ልውሰድ ብዬ ስገባ የተተኮሰ ሱፍ ሸተተኝ። ከመጋረጃው ጀርባ እትዬ "ዝም ብለህ ቁም እንጂ" ሲሉ ሰማሁ። መጋረጃው ገለጥ ብሎ ነበር።

አባቴ ነው። በርጩማ ላይ ቆሟል። ኪልቱን ከእምብርቱ ላይ ታጥቆ፣ ኮቱን ደርቦ፣ ከሥር የሥራ ካልሲውና ጥቁር ጫማው። እግሩን እንዲህ በብርሃን አይቼው አላውቅም፤ ቀጫጭን ነበር። ትከሻችን አንድ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እትዬ አፋቸው ውስጥ ስፒል ነክሰው በዙሪያው ይዞራሉ።

ልናገር ስል የሱቁ በር ደወል ጮኸ። የሰበካ ጉባኤያችን ሰብሳቢ፣ አባቴ ቆሞ የሚያናግራቸው ሰው፣ ሱሪያቸውን ሊወስዱ መጡ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የተሰቀሉት ቀሚሶች ውስጥ ገባሁ። ሰውየው እንደ ቤታቸው መጋረጃውን ገለጡት።

አባቴን ከጫማው እስከ ትከሻው አዩት።

"ምን ሆነህ ነው አንተ?" አሉ።

አባቴ ከበርጩማው አልወረደም። እትዬ የያዙት ጫፍ እንዳይንቀሳቀስ አንገቱን ብቻ ዞር አደረገ።

"ልጄ ነገ ይጫወታል፣ ጋሼ። ልኩ እንዳይበላሽበት ቆሜለት ነው።" ቀጠለና፣ "ደግሞ ቀሚስ አይደለም። ኪልት ነው የሚባለው" አለ።

ሰውየው አገጫቸውን አሹ። "ስንት ሰዓት ነው የሚጫወተው?"

"ስምንት ሰዓት። ሺፍቴን ቀይሬያለሁ፤ ከፈለጉ አብረን እንሄዳለን።"

እዚያ ቀሚስ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ቀስ ብዬ ወጥቼ፣ አባቴ ሱሪውን እስኪለብስ መንገድ ዳር ጠበቅሁ። ሲወጣ ኮቱን በላስቲክ ሸፍኖ ይዞታል።

"ደረስክ?" አለኝ። "እትዬ አስተካክለውታል።" እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

በማግስቱ ጃካራንዳው አበባውን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አርግፎ ነበር። አባቴና ሰብሳቢው ክራቫት አስረው ከፊት ተቀመጡ። መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ አንድ ድምፅ ወርዶብኛል፤ አስተማሪው ቢያውቁም ፈገግ ብለው አለፉኝ። ኮቱ ግን ልክ ነበር። ሽንሽኑ ከኋላ ሙሉ ይታያል፣ ቦርሳውም ከፊት ነጻ ወጥቷል።

ሲያልቅ አባቴ መጣና ከኋላዬ ቆመ። እንደ ልማዱ የኮቴን ጫፍ ሳብ ሊያደርግልኝ እጁን ሰደደ። እጁ ጫፉ ድሮ ያልቅበት ከነበረው ቦታ ደረሰና ሽንሽኑን ያዘ።

"ለካ የለም" አለና ሳቀ። መዳፉን ወገቤ ላይ አሳረፈው። "ጥሩ ነፋህ።"

ያኔም አመስግኜዋለሁ፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። አባቴ አሁን የለም። ኮቱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ወፍሬ ቁልፉ አይደርስልኝም፤ ኪሱ የነበረበት ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ቀርቷል። ኮት ለብሼ ከቤት ስወጣ በር ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ጫፉን ራሴ ሳብ አደርገዋለሁ። እንደሱ አይቀናልኝም።