ሁለተኛው ዓይን

ሁሉን በሚያይ በእግዚአብሔር ስም እጀምራለሁ። ትናንት ወረታ ላይ፣ የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ለምታዘጋጀው የደብራችን መዝገብ በስክሪኑ ላይ የሚጫኑ የአዝራር ሥዕሎች ስትሥል አየሁ። «ምእመናን» ለሚለው አዝራር ጥፍር የሚያህል ፊት በጎን ሣለች፤ ዓይኑ አንድ ብቻ ነበር። ደነገጥሁ።

በደርግ ዘመን፣ በፎገራ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ለጦርነት የተወሰደውን የአባቴን መልክ በቁራጭ ብራና እንዲሁ ሥዬ ለመምህሬ ለየኔታ አሳየኋቸው። ብራናውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው። አባትህን ከማን ጋር አቆምኸው?»

«ብራናው ጠበበኝ፣ የኔታ።»

ሁለተኛውን ዓይን ልጨምር ቀለም ስበጠብጥ የአባቴ መርዶ ደረሰ፤ ሥዕሉም በአንድ ዓይን ቀረ።

ትናንት ይህን አስታውሼ፣ «ሁለተኛ ዓይን ጨምሪለት» አልኋት የልጅ ልጄን።

«ቦታ የለውም እኮ፣ አባባ። ሰው መሆኑ ከታወቀ አይበቃም?»

ጠጋ ብዬ ያን አንድ ዓይን አየሁት። አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር አንተንም ቤተሰብህንም በምሕረት ዓይኖቹ ይመልከታችሁ።