አንድ እፍኝ ክኒን

በሰፈራ ወደ አሶሳ በመጣን በሁለተኛው ክረምት፣ ወባ በተነሳብኝ ቁጥር ከንፈሬን ምች ያቆስለኝ ነበር። የክሊኒኩ ነርስ ላይሲን የሚባል ክኒን ሰጠችኝ።

«ከምግብም የሚገኝ ነገር ነው። ምቹን የሚያመጣውን ቫይረስ አይነቅለውም፤ ምናልባት ቶሎ ቶሎ እንዳይመለስ ይረዳሽ ይሆናል። በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር ውሰጂ። ኩላሊትሽን ካመመሽ ወይም ካረገዝሽ ግን ሳትውጪ መጥተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ወሬው አማቴ ጆሮ ደረሰ። ለእሷ መድኃኒት ማለት፣ ወሎ ሳለን እንደለመደችው፣ እንደ ኮሶ ባንድ ጊዜ ተውጦ በሽታውን ጠርጎ የሚያወጣ ነው። ጠርሙሱን አንስታ ክኒኑን መዳፌ ላይ ገለበጠችው።

«ዋጪ! አንድ አንድ እያልሽ በሽታውን ልትቀልቢው ነው?»

በዚያው ሰሞን የወር አበባዬ ቀርቶ ክኒኑን ትቼው ነበር። የመጀመሪያው ጽንስ ወርዶብኝ ስለነበር ይህኛውን ለባሌ እንኳ አልተነፈስኩም። እሷ ደግሞ ውኃ ይዛ በሩን ዘግታ ቆማለች።

«እማማ፣ አርግዣለሁ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። እርጉዝ ኮሶ እንደማትጠጣ ታውቃለች። ክኒኑን ከመዳፌ ለቅማ ወደ ጠርሙሱ መለሰችው። በማግስቱ ለነርሷ ስነግራት እሷም «ለጊዜው ተዪው» አለችኝ።

አማቴ ግን እኔ ለባሌ ሳልነግረው ውኃ ወረፋ ላይ ማርገዜን ለመንደሩ ሁሉ አወራች። ሆዴ እስኪገፋ የሰው ዓይን እየፈራሁ፣ ቁርጠት በተሰማኝ ቁጥር ይህም ወረደ እያልኩ ከረምኩ። ልጄ በሰላም ተወለደ። እሷን ግን ይቅር አላልኳትም፤ ቀብሯ ላይ የተገኘሁት ባሌ ስለለመነኝ ነው።