የዙቤይዳ ጌም ቤት ጂኖች

ከሚሴ ደርሳችሁ «የዙቤይዳ ጌም ቤት የት ነው?» ብትሉ የሚያሳያችሁ አታጡም። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ከኢልያስ ሱቅ ጎን፣ ሦስት ቴሌቪዥን የተደረደረባት ጠባብ ክፍል ናት። ጎረምሳው ሁሉ የሚመጣው ለእግር ኳሱ ነው። ዙቤይዳ ግን ኳሱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ ሃያ ሁለት ሰው አንድ ኳስ ሲያሳድድ ቢውል ምን አዲስ ነገር አለው ባይ ናት። የእሷ ልብ ያለው ጥግ ላይ ካለው ከሦስተኛው ቴሌቪዥን ነው። እዚያ ጠንቋዩ፣ ሰይፈኛውና አውሬው ይተራመሳሉ።

ይህን ፍቅር ያመጣችው ከቤሩት ነው። ከትውልድ መንደሯ ከጨፋ ሄዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ፣ የቤቱ ሁለት ሴት ልጆች ሦስተኛ ተጫዋች ሲያጡ ከወጥ ቤት እየጎተቱ ያስገቧት ነበር። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ ቀንዳም የእሳት ግዙፍ ከመሬት ተነሣና ከሥሩ ስሙ ተጻፈ፤ ኢፍሪት ይላል። ዙቤይዳ ጆይስቲኩ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይህን ስም ታውቀዋለች። ልጅ ሆና መድረሳ ቁርአን ስትማር ቀርታዋለች፤ የሳባዋን ንግሥት ዙፋን ነቢዩ ሱለይማን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ አመጣለሁ ያለው ጂን ነው። በሰው አገር የሰፈሯን ሰው ያገኘች ያህል ደስ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዘች። አንድ አዲስ ስም ባየች ቁጥር ከየት መጣ ሳትል አታልፍም። ጉል በምድረ በዳ መንገደኛ የሚያሳስት ጭራቅ ነው፤ ሩኽ ዝሆን በጥፍሯ አንሥታ የምትበር ወፍ ናት፤ ሜዱሳ ደግሞ ፀጉሯ እባብ የሆነ የግሪኮች ጉድ ናት። ለካስ ጨዋታ ሠሪዎቹ ስም ሲያጡ የሚሮጡት ወደ ጥንት ሰዎች ተረት ኖሯል። አገሯ ተመልሳ ጌም ቤቱን ስትከፍትም ይህንኑ አልተወችም። የባጃጅ ሹፌሩ ሲራጅ እሷ ጋ ለመጫወት መጀመሪያ መቅራት ያስፈልጋል እያለ ያሾፍባታል።

ችግር የመጣው በዚሁ ነው። ኢልያስ በግድግዳው በኩል ቀን በቀን «ኢፍሪት መጣ፣ ጉሉን በለው» ሲባል እየሰማ ሰነበተና፣ ልጅቱ ጂን እየጠራች ነው ብሎ ለቤቱ ባለቤት ለሸህ ሙህዲን ነገራቸው። ሸህ ሙህዲን ዕድሜያቸውን ኪታብ ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላትን ሰግደው መጡና በሩ ላይ እንደቆሙ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት።

ዙቤይዳ ደነገጠች። ሌላ ክፍል ማን ሊሰጣት? ጂን ትጠራለች ከተባለች ከባቲ እስከ ሰንበቴ በሩን የሚከፍትላት የለም። የሰባት ዓመት ልፋቷ ያለው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው። ብታለቅስ ወደደች፤ ግን ደብተሯን አነሣች።

«ሸህዬ፣ ስለ ስሞቹ አንዴ ስሙኝ። ሐራም ነው ያላችሁት ካለ የወሩን መጨረሻ አልጠብቅም፣ ዛሬውኑ እወጣለሁ» አለቻቸው።

ሸሁ እያቅማሙ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስለ ኢፍሪት ጀምራ ሳትጨርስ ታሪኩን እሳቸው ራሳቸው በዐረብኛ ጨረሱት። ስለ ጉል ስትነግራቸው ኪታብ ላይ አንብበነዋል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዙቤይዳ ልቧ መለስ አለ። ደብተሩ ላይ ግን ከየት እንደመጣ ያልደረሰችበት አንድ ስም ነበር። ቴሌቪዥኑን ከፍታ አሳየቻቸው፤ ክንፉ ሰማዩን የሸፈነ ዘንዶ ወጣ።

ሸህ ሙህዲን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጎረምሶቹም ሲራጅም ጨዋታቸውን አቁመው ዞሩ። ዙቤይዳ በቃ አለቀልኝ አለች።

«ይሄን ማን አላችሁት?»

«ባሃሙት።»

«ክንፍ ማን አወጣለት? ዓሣ እኮ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው። ደረሳ ሆነው ዲን ሲማሩ አስተማሪያቸው የነገሯቸውን ያወሩት ጀመር። የጥንት ሰዎች ምድርን መልአክ ተሸክሟል፣ ከመልአኩ ሥር ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር ኮርማ፣ ከኮርማው ሥር ባሃሙት የሚባል ለዓይን የማይበቃ ዓሣ አለ ይሉ እንደነበር ተረኩ። አስተማሪያቸው ይህ የሰው ወሬ እንጂ ዲን አይደለም፣ ዕወቁትና እለፉት ብለዋቸው ነበር። ዐርባ ዓመት አውቀውት ኖሩ፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ወሬው ሲሞቃቸው ወደ ኦሮምኛው ገቡ፤ እጃቸውን ዘርግተው የዓሣውን ስፋት ሲያሳዩ ሲራጅ እንዳይመቱት ጎንበስ አለ። ዙቤይዳ እስክሪብቶዋ አልደርስ ብሏት እየጻፈች ትስቅ ነበር። አራት ዓመት የፈለገችው የስሙ ምንጭ ለካስ ቤት ባከራዩዋት ሰው ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል።

ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ሸሁ ተነሡ። ስለ ወሩ መጨረሻ አንድም ነገር አላሉም፤ እሷም ደፍራ አልጠየቀችም። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ኢልያስ ከነሜትሩ ደጅ ሲጠብቃቸው ቆይቶ ኖሮ፣ ልጅቱ መቼ ነው የምትወጣው ሲል ጠየቃቸው።

«የምን መውጣት» አሉት ሸህ ሙህዲን። «እዚያ ውስጥ ክንፍ የሰኩበት ዓሣ አለ። እሱን ነገር ሳንጨርስ ዙቤይዳ የትም አትሄድም።»