የበላሁት የእርቅ በግ

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ጨውና በርበሬ ተሸክሜ ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎሮ ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለፈው። አስኳላ ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደምናገረው ነው የምጽፈው።

ጎባ የተከራየኋት ክፍል ከአንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። ሰውየው ሚስቱን ይደበድባል። ዱላው ሲጀምር የስምንት ዓመት ልጃቸው እኔ ዘንድ ሮጣ መጥታ የነጠላዬን ጫፍ ትይዛለች። አታለቅስም፤ ጫፉን ጭብጥ አድርጋ ጸጥ እስኪል ትጠብቃለች።

አንድ ቀን የእናቲቱ ክንድ ተሰበረ። ነገሩ ቀበሌ ደረሰ፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ለሽማግሌ መራው። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፦ ባል በግ ይረድ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሚስት ከነልጇ ትመለስ። ከነልጇ። እንደ ድስቱ፣ እንደ ሰፌዱ። ልጅቱን አንዲት ቃል የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳት።

በደንባቸው የእርቁን ሥጋ የቀመሰ ሁሉ ምስክር ነው፤ ነገሩን ዳግም አያነሳም። አንዱ ሽማግሌ "ኛዹ፣ ብይ ልጄ" ብለው አጎረሱኝ። ሴትዮዋ ክንዷ በጨርቅ ታስሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ባሏ ሥጋ እየቆረጠ ያስተናግዳል። ዋጥኩት። ጮማ ነበር። ከጎኔ የቆመችው ልጅ አፌን አየችና ነጠላዬን ለቀቀች።

ወር ሳይሞላ ሰውየው ያንኑ ክንድ ዳግም ሰበረው። ልጅቱ ግን ወደ እኔ አልመጣችም። በሬን አልፋ በእግሯ ሮቤ ድረስ ሄደች፤ ገበያው ዳር ወደ ጎሮ የሚሄድ መኪና ስትጠይቅ ሰዎች አግኝተው መለሷት። ጎሮ የእናቷ እናት አሉ።

እንደገና ቀበሌ ተሰበሰብን፤ እናትና ልጅም አሉ። ግድግዳው ላይ ክንዷን ወደ ላይ ያነሳች ሴት በቀይ ቀለም ተስላለች፤ ከሥሯ ሴቶች ይደራጁ ይላል። ያን ጊዜ ማንበብ ችያለሁ። እዚያው ሥዕል ሥር ተቀምጠው ስለ በግ ያወራሉ፤ የአሁኑ ወፈር ይበል አለ አንዱ፣ ሳቁ። ተነሳሁና ልጅቱ ትጠየቅ አልኩ፤ ከእንግዲህም ማንም ሕፃን ሳይጠየቅ ወደ ዱላ ቤት አይመለስ፣ ይህ የቀበሌው ሕግ ይሁን።

"እትዬ፣ እርስዎ እርቁን በልተዋል እኮ" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"በልቻለሁ። ልጅቱ ግን አልበላችም።"

የገዛ ደንባቸው ነው የያዛቸው። ሽማግሌዎቹ የት መኖር እንደምትፈልግ ጠየቋት።

"አያቴ ጋ" አለች። "እናቴም ትምጣ።"

ተፈቀደ። ሕጉ ይጻፍ ስል ግን ሊቀመንበሩ ለዛሬ ብቻ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ለሌሎቹ ልጆች በጉ ይታረዳል ማለት ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገሸግሸኛል፤ የእነሱም ሳቅ፣ የእኔም ጉሮሮ።

በማግስቱ ጎሮ እኔው አደረስኳቸው። በጭነት መኪናው ላይ እናቲቱ በደህናው እጇ ጥቅሏን ይዛ፣ ልጅቱ በመካከላችን ተቀመጠች። መንገዱ ያንገጫግጫል። የነጠላዬን ጫፍ ሆን ብዬ ጭኗ ላይ ጣል አደረግሁት። ጎሮ እስክንደርስ አልያዘችውም።